ልጆቻችን ለምን በ14 ዓመታቸው መቁረብ ያቆማሉ?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክሩን) የከፈተችው አንዲት የገርጂ እናት ናት። ልጇ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል። እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ያልቆረበባቸው ሰንበቶች ጥቂት ናቸው። አሁን 14 ሞልቶታል። ቤተ ክርስቲያን አብሯት ይሄዳል፤ ግን ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ቅዳሴው ያልቃል። ጎትታ እንዳታስቆርበው ቁመቱ በልጧታል። ዝም እንዳትል ሆዷ አልቻለም። አዝላው የሄደችበት እምነት የራሱ እምነት እንዲሆን ምን ማድረግ እንዳለባት ነው የጠየቀችው። የሰፈሯ ልጆችም በዚሁ ዕድሜ እንደሚጠፉ ስላየች፣ ነገሩ የእሷ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ትጠረጥራለች።

እኔ ክሩ ላይ የደረስኩት መልሶቹ ሃያ ካለፉ በኋላ ነው። ሁሉንም አነበብኩ። አንዳንዶቹን ባላነብ ይሻለኝ ነበር። እንደ ቅደም ተከተላቸው ላውጋችሁ። ስም አልጠራም፤ ቁጥራቸው ይበቃል።

መልስ 1 የአያት ነው። አጻጻፏ ራሱ ምርቃት ይመስላል። ልጅን በሚሄድበት መንገድ ስለ መምራት የሚናገረውን የምሳሌ ምዕራፍ 22 አስታወሰቻት። የራሷ ወንዶች ልጆችም በዚህ ዕድሜ ሸሽተው፣ ልጅ ሲወልዱ ልጃቸውን ክርስትና ለማስነሣት እንደተመለሱ ነገረቻት። ጸሎትና ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ ባይ ናት።

መልስ 2 ነገሩን ከመንፈሳዊነቱ አወረደው። ሁለት ጎረምሶች ያሉት አባት ነው። የቁርባኑን ሰልፍ እስቲ እዩት ይላል። ከልጁ ፊት እናት ጀርባ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ከኋላው የአምስት ዓመት ልጅ። እኩዮቹ የሉም። ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢሙ ሊወጣ ሲል እዚያ መሃል መገተር ለየትኛውም ወንድ ልጅ ሞት ነው። ይሄን መልስ ወደድኩት። ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ልጁ ከቆረበ በኋላ እናትየው ጸበሉን እስኪጠጣ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትይዝለታለች። የ14 ዓመት ጎረምሳ አፉን የሚይዝለት ሰው አይፈልግም።

መልስ 3 የዲያቆን ነው፣ መልስ 2ን በትሕትና አረመው። ዕድሜው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ልጆችም ይጠፉ ነበር። ጧፍ ይዘው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ መጽሐፍ ተሸክመው የሚቆሙት ብዙዎቹ ዲያቆናት የዚያው ልጅ እኩዮች ናቸው። ባገለገሉ ቁጥር ይቆርባሉ፤ ማንም አያፍርም። ልዩነቱ እነሱ ሥራ አላቸው። ዛፉ ሥር ያለው ልጅ ግን ቆሞ ከማስቀደስ ሌላ የሚጠበቅበት ነገር የለም። ዲያቆኑ ሌላም ነገር አነሣ። በእኛ ሥርዓት ሕፃኑ በተጠመቀ ዕለት ሜሮን፣ ማለትም ቅዱሱን ቅባት፣ ይቀባል፣ በዚያው ዕለት ይቆርባል። በ40 ቀን፣ ለሴቷ በ80 ቀን፣ ሁሉንም ተቀብሎ ያልቃል። በኋላ ላይ አድጎ የሚሻገረው ሌላ ደጅ የለም። ይሄ ጸጋ ነው፤ ግን ወላጅ ሥራው በክርስትናው ዕለት ያለቀ ይመስለዋል።

ይሄኔ መልስ 4 ገባች። የመካነ ኢየሱስ አባል ናት። ፈቃድ ጠይቃ ነው የጀመረችው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃን ይጠመቃል። አደግ ሲል ግን የማጽኛ ትምህርት ይማርና በምእመናን ፊት ቆሞ እምነቱን በራሱ አፍ ይመሰክራል። ዲያቆኑ የለም ያለው ደጅ እነሱ ጋ እንዳለ ለመጠቆም ያህል ነው የጻፈችው። በዚያው ላይ እውነቱን አልደበቀችም። ትምህርቱን ጨርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ከዚያ በኋላ ለገና ብቻ የሚመጡ ልጆች ሞልተዋል።

መልስ 5 ነገሩን አከረረው። የኦርቶዶክስ ቤት ጉዳይ ላይ ጴንጤ ምን አገባው የሚል ነው። ልጆቻችንን የሚወስዱት እነሱ ሆነው ሳለ መካሪ ሆነው መምጣታቸው አናዶታል። የተጠቀመባቸውን ሌሎች ቃላት ልተዋቸው።

መልስ 6 አልተቆጣም፤ ቁጥር ይዞ መጣ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ ከአገሩ ሕዝብ 50.6 በመቶ ነበር፤ በ1999ኙ 43.5 በመቶ ሆነ። ፕሮቴስታንቱ ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 18 በመቶ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ግን ቁጥሩን ያመጣው መልስ 5ን ለማገዝ አልነበረም። ቁጥሩ ማን ከየት እንደሄደ አይናገርም። የወሊዱም፣ የክልሉም ነገር አለበት። ደግሞስ ዛፍ ሥር የቆመውን ልጅ ማንም አልወሰደውም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። እኔ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ነው የገባኝ።

ክሩ የዞረው መልስ 7 ላይ ነው። የጻፈው የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እሱም በ14 ዓመቱ ነው ያቆመው። ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አባቱ በየሰንበቱ ያስቆርበው ነበር፤ አባቱ ራሱ ሲቆርብ ግን አንድ ቀን አላየም። እናቱም እንዲሁ። አጎቶቹም። ጎረቤቶቹም። ሰልፉ ላይ የሚያያቸው ሕፃናትና አሮጊቶች ናቸው። ስለዚህ ልጁ የራሱን ሒሳብ ሠራ። ቁርባን እንደ ክትባት ነው፤ በልጅነት ተወስዶ የሚያልቅ። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረውም፤ ያየው ግን ይህንን ነው። የተመለሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ በግቢ ጉባኤ። ማኅበረ ቅዱሳን ከተመሠረተበት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተባብረውን ጉባኤ አንባቢ ያውቀዋል። እዚያ ያየው አዲስ ትምህርት አልነበረም። ጂንስ የለበሱ፣ ፈተና ያለባቸው፣ ኳስ የሚያዩ የ20 ዓመት ልጆች ንስሐ ገብተው ሲቆርቡ አየ። ያኔ ነው ነገሩ የሕፃን እንዳልሆነ የገባው።

ለዚህ የመጣለት መልስ 8 ሙሉ በሙሉ ቁጣ ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ልጁ አባቱን አደባባይ አወጣው ባይ ነው። ግን ከቁጣው ሥር ያለውን ስታነቡ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል። ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያወርዳል። አጥሩን ተሳልሞ መንገድ ይገባል። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም አለ፤ በዚያ ላይ ሲነዳ የሚሳደበው አለ፣ ከረዳቱ ጋር የሚጨቃጨቀው አለ። ሚስቱን ያገባት በማዘጋጃ ቤት ነው፤ በቁርባን ለመወሰን ሁለቱም ተነጋግረዋል፣ ተነጋግረውም ዓመታት አልፈዋል። ሥጋ ወደሙ እሳት ነው። ሳይገባው የሚቀርብ እንደሚቃጠል ከአባቱ ሰምቷል። ልጆቹን የሚያስቆርበው እነሱ ንጹሕ ስለሆኑ ነው። ያልቆረበው ንቆ ሳይሆን ፈርቶ ነው። እና ይሄን ፍርሃት አንድ ተማሪ መጥቶ ግዴለሽነት ሲያደርግበት ደሙ ፈላ።

ከሁሉም መልሶች ይሄኛው ነው የነካኝ። ክሩ ላይ ያሉት ሌሎች ሰዎችም የነካቸው ይመስላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ስለታም ነገር አልጻፈም።

መልስ 9 የቄስ ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ፍርሃቱ ትክክል መሆኑን አልካዱም። ችግሩ ፍርሃቱ ሰውየውን ወደ ንስሐ ካልመራው እዚያው አጥር ላይ ሲያስቆመው መኖሩ ነው። የንስሐ ልጆቻቸው የሚደውሉላቸው ለጸበል፣ ለፍታት፣ ለተዝካር ነው። ለንስሐ የሚደውል ጥቂት ነው። ልጆቹንማ ጭራሽ አያውቋቸውም። ቤት ሲመጡ ልጆቹ መስቀል ይሳለማሉ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ይላካሉ። ቄሱ የሚመክሩት ልጁ ሰባት ዓመት አካባቢ ሲሆን ከንስሐ አባቱ ጋር ለብቻው እንዲተዋወቅ ነው፤ ወላጅ በሌለበት ሁለት ደቂቃም ቢሆን እንዲያወራ። በ14 ዓመቱ አንድ ነገር ሲከብደው የማያውቀው ሽማግሌ ጋ ሄዶ እንዲናገር መጠበቅ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መልስ 10፣ 11 እና 12 ወደ ምሳ ዕቃ ሄዱ። እንዴት እንደሄዱ እንጃ፤ ምናልባት 18 ሰዓት የሚለው ቃል ጾምን አስታውሷቸው ይሆናል። አንዷ እናት ረቡዕና ዓርብ ለልጇ የምስር ሳምቡሳ ትቋጥርለታለች። ልጁ ክፍል ውስጥ በእንቁላል ሳንድዊች ይለውጠዋል። ያወቀችው የጓደኛው እናት ደውላ ስለ ሳምቡሳው አሠራር ስትጠይቃት ነው። ነርስ ነኝ ያለች ደግሞ ገባች። የሚያድግ ልጅ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ተልባ በደንብ ማግኘት እንዳለበት፣ የታመመና ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ የንስሐ አባቱ ተጠይቀው ከጾም እንደሚያርፍ ጻፈች። ሦስተኛው ሰው ስለ ጾም ኬክና ስለ ጾም በርገር አማረረ። የፍስኩን ሁሉ አስመስሎ የሚበላ ልጅ ጾም ማለት የምግብ ዓይነት መቀየር ብቻ ይመስለዋል። ይኼ ሰውዬ በዋጋቸውም ተናዷል፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጎ ጽፏል።

ከዚህ መሃል አንድ ፍሬ ነገር ወጣ፤ መልስ 12 መጨረሻ ላይ። ልጆች የማይሸሹት አንድ ጾም አለ፣ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያሉት ሁለት ሳምንታት። ሰውየው ምክንያቱን እንዲህ አስቀመጠው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጾማል። ቅዳሴው በቀትር ስለሆነ ተጠራርተው አብረው ይሄዳሉ፣ ተርበው አብረው ይመለሳሉ፣ ማን ቀድሞ በላ እያሉ ይፎጋገራሉ። አዋቂውም ያንን ሰሞን ይቆርባል። በመሃሉ ቡሄ አለ፣ ሙልሙል አለ። እምነቱ የሰፈር ኑሮ ሆኖ የሚታያቸው ያኔ ነው። ሌላው ጊዜ እናት ብቻዋን የምትጎትተው ሸክም ነው።

መልስ 13 ከዱባይ ተጻፈ። አጭር ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇ ደሴ ከአያቷ ጋር ናት። ማታ አሠሪዎቿ ሲተኙ በኢሞ ትደውልና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አብረው ይደግማሉ። አንድ አንቀጽ እናት፣ አንድ አንቀጽ ልጅ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ልጅቷ ትቀጥላለች፤ መስመሩ ሲመለስ እናትየው የደረሱበትን ፈልጋ ትገባለች። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። አላቆመችም። ሴትየዋ ይሄን የጻፈችው ለመመጻደቅ አልነበረም። ሩቅ ያለ ወላጅ ምንም ማድረግ እንደማይችል ለሚያስቡ እንዲሆን ነው። ከሥሯ አንዱ የጢሞቴዎስን አያት ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን አስታወሰ። ጳውሎስ የእሱን እምነት የሁለት ሴቶች ቅርስ አድርጎ ነው ያነሣው። ተማሪው፣ መልስ 7፣ ተመልሶ መጣና እሱ ከአባቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ይሄን ያህል አብረው ጸልየው እንደማያውቁ ጻፈ።

መልስ 14 ከሜሪላንድ ነው። እዚያ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ቤት በነጠላ አምረው ይዘምራሉ። እግዚኦታውን፣ 41ዱን ኪርያላይሶን ሳይሳሳቱ ይላሉ። ግን የሚሉት ምን እንደሆነ አያውቁም። ቅዳሴው ግዕዝ፣ ስብከቱ አማርኛ፣ ልጁ የሚያስበው በእንግሊዝኛ። ኮሌጅ ሲገባ ክፍል ጓደኛው ምን እንደሚያምን ይጠይቀዋል፤ እሱ የሚመልሰው ስለ እንጀራና ስለ ጥምቀት በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የአገር ናፍቆት ማስታገሻ ሆኖበታል። የወላጆቹ ናፍቆት ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

መልስ 15 ጨከነባቸው። በዶላር የለወጣችሁትን ልጅ አሁን ምን ታለቅሱለታላችሁ ዓይነት ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መልስ መስጠት አያስፈልግም ነበር። መልስ 16 ግን ሰጠው፣ ያውም በጨዋነት። አዲስ አበባ ያለው የገርጂው ልጅ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ሳለ ዛፍ ሥር እንደቆመ አስታወሰው። ስለዚህ ቋንቋ ብቻውን አያድንም። እሱ በሚሄድበት አጥቢያ ግን ቅዳሴው ግድግዳ ላይ በሦስት ቋንቋ ይታያል፣ ወንጌሉ በእንግሊዝኛም ይነበባል፤ ቢያንስ ልጆቹ ካህኑ ምን እያለ እንደሆነ ይከተላሉ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሱሪ ዞረ። መልስ 17 የሴት ልጅ ናት፣ 19 ዓመቷ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሠርክ ጉባኤ ስትሄድ ሱሪ ስለለበስሽ ተብላ በር ላይ ተመለሰች። ያስቆማት ጥበቃ ነው፤ ያዩዋት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። ያን ቀን ነጠላ ላበድርሽ ያላት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የት እንደምትሆን ታስባለች። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አልተናገረችም፣ መናገርም አያስፈልጋትም። መልስ 18 ሥርዓት ሥርዓት ነው ብሎ ዘጋባት። ሥርዓቱን የነካ የለም እኮ። ልጅቷ ያለችው ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው ነጠላ ቢይዝ ምን ነበረበት ነው። ይሄን ሰው ሳነብ ብሽቅ አልኩ።

መልስ 19 የሙሉ ወንጌል ልጅ ነው። መልስ 5 ልጅ ወሳጅ ያለው ወገን ማለት ነው። እነሱ ጋም ልጅ እንደሚጠፋ ሊናገር ነው የመጣው። ቸርች ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ አባቱ ሽማግሌ፣ እናቱ ኳየር። በየኮንፈረንሱ ጌታን የሚቀበል ተብሎ ሲጠራ እጁን ያወጣል። ብዙ ጊዜ አወጣ። የአባቱን ጌታ እንጂ የራሱን እንዳላገኘ የገባው ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ሁሉን ነገር በስሜት ስለለመደ፣ ስሜቱ የጠፋበት ዓመት እምነቱም የጠፋ መሰለው። እዚያ ቤትም የአባይን ልጅ ውሃ ይጠማዋል።

መልስ 20 ኢንጂነር ነው፣ አዳማ የሚኖር። እሱ የሄደው በጥያቄ ምክንያት ነው። በ13 ዓመቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ዳይኖሰር ጠየቀ። በስድስቱ ቀን ፍጥረት ውስጥ የት ይገባሉ? ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ላይ የዚያን ሳምንት ነበር የተማሩት። አስተማሪው ጥያቄውን ክህደት አደረገበት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ጥምቀትን ያከብራል፣ መስቀልን ያከብራል፣ ደመራ ላይ አለ። ቅዳሴ ግን የለም።

መልስ 21 ለዚህ ነው የመጣው። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ እሱም ገና ወጣት። ይቅርታም ጠየቀ፣ ሁኔታውንም አስረዳ። የሚያስተምርበት አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ማንም ማንንም አይሰማም። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ የእምነቱን ዋና ዋና ትምህርቶች፣ በቃል ያስጠናሉ። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ዓመቱ ሲያልቅ ውድድር አለ፣ ሽልማት አለ። በቃሉ የወጣ ልጅ ያሸንፋል። ስለ ምሥጢረ ቁርባን አንድ ገጽ ያለማቋረጥ የሚወጣ ልጅ ሸልሟል፤ ያው ልጅ ከቆረበ ዓመት አልፎታል። ከፍ ያሉትማ ጊዜያቸው የሚያልቀው መዝሙር በማጥናት ነው፤ ከበሮ፣ ሽብሸባ፣ የበዓል ዝግጅት። ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ ያሠለጠነው የለም። አንድ ነገር ግን ጨመረ። ሉቃስ ወንጌል ላይ ጌታ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማቸውም ይጠይቃቸውም ነበር። መምህራኑ ዝም በል አላሉትም፤ ተደነቁ።

መልስ 22 የእኔ ነው። ብዙ አልጻፍኩም። ከመልስ 7 ጀምሮ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ መሰለኝ። ልጁ እስከ 12 ዓመቱ የተባለውን ይሰማል። ከዚያ በኋላ አዋቂውን ያያል። ሹፌሩ ግን ነገ ተነሥቶ ይቁረብ ማለት ቀልድ ነው። በማዘጋጃ የተጋባ፣ እሑድ የሚሠራ፣ ፍርሃት ያለበት ሰው ብዙ የሚያስተካክለው አለው። እኔ የጠየቅኩት ለልጆቹ ነግሯቸው ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። ለምን እንደማይቆርብ። ንቆ አለመሆኑን። ምን እንደቀረው፣ ምን እንደከበደው። ቤታችን ውስጥ ስለ ትምህርት ክፍያ ይወራል፣ ስለ ኪራይ ይወራል፣ ስለዚህ ግን ዝም ነው። ልጁ ዝምታውን በራሱ ይተረጉመዋል፤ ተማሪውም ያደረገው ይህንኑ ነው። አባትየው በፍርሃት የቆመ መሆኑን ያወቀ ልጅ፣ ቢያንስ ነገሩ ትልቅ መሆኑን ያውቃል።

መልስ 23 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ክሩን ባሏ አንብቦታል። የቤታችንን ገመና አወጣሽው ብሎ ሁለት ቀን አኩርፏታል። እነሱም በማዘጋጃ የተጋቡ ናቸው፤ ሁልጊዜ ለፋሲካ ይሉና ፋሲካ ያልፋል። ሲጨቃጨቁ ልጁ ሰማ። እናንተ ለምን አትቆርቡም ብሎ ጠየቀ። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ሲጠይቅ ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው። አባትየው መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ከዚያ ተቀምጦ ነገረው። ልጁ ሰምቶ ወደ ክፍሉ ገባ። አልቆረበም፣ ምንም አልተፈታም። ሴትየዋ ግን ያን ማታ ቤቷ ውስጥ የተወራውን ከዚያ በፊት ሰምታ እንደማታውቅ ጻፈች።

ክሩ እዚህ ጋ በመልካም ቢያበቃ ያምርበት ነበር። መልስ 24 አላስበቃውም። ሰውየው የተማረ ይመስላል፣ ብዕሩም ስለታም ነው። ወላጅ ልጁ እንዲያየው ብሎ ከቆረበ ቁርባኑን የማስተማሪያ መሣሪያ አደረገው ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ለታይታ ነው ባይ ነው። ሰው የሚቆርበው ለራሱ ድኅነት ነው። እኔንም አልማረኝ፤ ንስሐን የወላጅነት ስልት አድርጌዋለሁ አለ። ልክ ነው፣ እዚህ ላይ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

መልስ 25 ቄሱ ነበሩ። ግማሹን ተቀበሉት። ለዓይን ብቻ የሚደረግ ነገር ዋጋ የለውም። ግን ሰው ወደ ንስሐ የሚመጣበትን ምክንያት አስቀድሞ ንጹሕ ካላደረገ አይምጣ ከተባለ የሚመጣ አይኖርም። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው ርቦት ነው። የአባቱ ሠራተኞች እንጀራ ተርፏቸው እሱ በራብ መሞቱን አስቦ ነው የተነሣው። አባትየው ግን ለምን መጣህ ብሎ አልመረመረውም። ልጁን አስቦ የመጣ አባትም ይምጣ፤ የቀረውን ደጁ ከገባ በኋላ እንነጋገራለን ነው የቄሱ ሐሳብ። መልስ 24 በዚህ አልረካም፤ ሁለት ጊዜ ተመላለሱበት። አሁንም ያልተስማሙ ይመስለኛል።

ከዚያ ሹፌሩ መጣ፣ መልስ 28። ቁጣው በርዷል። ጥያቄ ብቻ ነው የጻፈው። ሥራ የሚያበቃው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የንስሐ አባት በዚያ ሰዓት ሰው ይቀበላሉ ወይ? ሚስቱን ይዞ ነው የሚሄደው ወይስ መጀመሪያ ለብቻው?

የመለሰለት ዲያቆኑ ነው፣ መልስ 29። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ ባልና ሚስቱ አብረው። ማታም ይቀበላሉ፣ ደውሎ መቀጣጠር ብቻ ነው። አደራ ግን ሐምሌ ሳያልቅ ይደውል። ፍልሰታ ከገባ ካህናቱ ግማሹ ሱባኤ ነው፣ ግማሹ ከመቅደስ አይወጣም፤ ነሐሴን ስልክ የሚያነሣ ቄስ ፈልጎ አያገኝም።